ሦስቱ ሲታረቁ

ጉልበቴ ደረጃ ከጠላ ቆይቷል። ሮም ከተርሚኒ የምድር ባቡር ወደ ላይ ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ካላረፍኩ አልዘልቀውም። እንዲህ የራሴን ቦርሳ መሸከም ያቃተኝ ሴትዮ የሦስት ጎልማሶችን ጠብ ልሸከም መግባቴን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴን ያቃጥለኛል። ማንም አልላከኝም፣ ማንም አልለመነኝም። እጄን ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

ስምንት ዓመት የአንድ ሽማግሌ ባዳንቴ ነበርኩ። ባዳንቴ ማለት እዚህ አገር ሽማግሌ ወይም አሮጊት እየጠበቀች እዚያው ቤት የምታድር ሴት ናት፤ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት በሰዓቱ ትሰጣለች፣ ከሐሙስ ከሰዓትና ከእሑድ በቀር የራሷ ቀን የላትም። ቤቱ ኖሜንታና መንገድ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ጣሪያው የራቀ፣ በሩ ሲዘጋ የሚያቃስት የጥንት ቤት። እኔ ከወጥ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ነበር የምተኛው። ጠበበችም ሰፋችም ሬዚዴንሳዬ የተመዘገበው በዚያ አድራሻ ነበር፤ ያለ እሱ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም።

ሽማግሌው ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። ዶቶሬ ነበር የምላቸው፤ እዚህ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ይባላል። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በመንግሥት መዝገብ ቤት የድሮ ውሎችንና የአምባሳደሮችን ደብዳቤ ሲያነቡና ሲያደራጁ ነው። ጡረታ ወጥተውም አልለቀቃቸውም፤ የመኝታ ክፍላቸው አንዱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ የውል ቅጂ የታጨቀበት ካርቶን ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ። አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኝ፤ ካርቶን ከቦታው በአንድ ጣት ባፈናቅል ቁጣቸው አይጣል ነው።

ከሰው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሚስታቸው እዚያው ክፍል፣ እዚያው አልጋ ላይ ነው ያረፉት። እሳቸውም በመስኮቱ የምትታየውን ጥድ እያዩ እዚያው መሞት ነው የሚፈልጉት። ሌላ ጸሎት አልሰማሁባቸውም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ጥዷን ያዩና "አለን" ይላሉ፤ ከዚያ ቁርሳቸውን ይበላሉ።

ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ወንድ ሚላኖ የሚኖር መሐንዲስ ነው። መካከለኛዋ ሴት አስተማሪ ናት፣ እዚሁ ሮም ከወንዙ ማዶ ነው ቤቷ። ትንሹ ቶሪኖ ሱቅ አለው። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሦስቱ በዚያ ቤት ምክንያት ዓይንና ናጫ ሆነው ነበር። ትልቁ ይሸጥ ይላል። ሴትየዋ ለልጄ ይሁን ትላለች። ትንሹ ለቱሪስት እናከራየው ባይ ነው። አንዱ ወንበር ካንቀሳቀሰ ሁለቱ ይነሱበታል፤ አንድ ጊዜ በአንድ የግድግዳ ሰዓት የተነሳ ጠበቃ የተላላኩ ናቸው።

ግን ምን ይሆናል፣ ጠቡ ባለበት ቤት ሰው አይጠፋም ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ሴትየዋ ክሬም የተሞላውን ዳቦ፣ ማሪቶዞ የሚሉትን፣ ይዛ ትመጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቁ ከሚላኖ በባቡር ይደርሳል፤ አንድ ቀን ነጠላ ጫማ፣ አንድ ቀን ሹራብ ይዞ። ትንሹ በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይደውላል። ሁሉም ታዲያ ከአባቱ በፊት የሚጠይቀው እኔን ነው፤ ማን መጣ፣ ምን አለ፣ ምን ይዞ ወጣ። እኔም ደኅና ናቸው፣ በልተዋል፣ ተኝተዋል እያልኩ እሸኛለሁ። ትልቁ ስለ መሸጥ ሲጫናቸው ሽማግሌው ለሴት ልጃቸው በለሆሳስ ጣል ያደርጉላታል፤ እሷ ደግሞ በማግሥቱ ስልክ ላይ ወንድሟን ታተራምሰዋለች። ስለ መሸጥ ወሬ ከዚያ በኋላ ለወራት አይነሳም።

አንድ ጠዋት ጺማቸውን እየላጨኋቸው ነበር የኛን አገር ጉዳይ ያነሱት። እሳቸው ምላጭ አገጫቸው ላይ ሲያርፍ ነው ወሬ የሚያምራቸው። አውሮፓ አፍሪካን በተቀራመተበት ዘመን አገራችሁን ያቆያት የሰዎቻችሁ ጀግንነት ብቻ እንዳይመስልሽ አሉኝ። ምላጩን አንስቼ ቆምኩ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከጣሊያን አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል፣ አልደብቅም። ደሙን ያፈሰሰው ማን ሆኖ ነው አልኳቸው። እሱን አልካድኩም፣ እስቲ አስጨርሺኝ አሉ፤ ሳሙናው እየደረቀባቸው ጠበቁኝ።

እሳቸው እንዳሉኝ ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሦስቱም በየበኩላቸው አገራችንን ይመኟታል። ሦስቱም ግን አይተማመኑም። እያንዳንዳቸው ንጉሡ ደጅ መልእክተኛ አስቀምጠው አንዱ ሐኪም ሲያመጣ ሌላው ጠመንጃ ያመጣል፤ አንዱ ከንጉሡ ጋር ረዘም አድርጎ ካወራ ሁለቱ እንቅልፍ ያጣሉ። ንጉሡም ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና አንዱን በሌላው እያስፈራሩ አገራቸውን አኖሩ። በኋላ ግን በአውሮፓ ጀርመን ጎልብታ ስትነሳ እነዚያ ባላንጣዎች ፈሩና መታረቅ ጀመሩ። ንጉሡ ደግሞ በዚያው ሰሞን ታመው ተኙ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ የወንዙ በኩል ለኔ፣ የባቡሩ በኩል ለኔ፣ ሁለቱን ግዛቴን የሚያገናኘው ለኔ ተባባሉና ውል ተፈራረሙ። ባለቤቱን ማንም አልጠየቀም።

"የመጀመሪያው አንቀጽ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "የአገሪቱ ነፃነት ይከበር ይላል።"

ንጉሡስ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስለ ነገራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ የኔን ሥልጣን ግን አይነካም ብለው መለሱ አሉኝ፤ የታመመ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ከሦስቱ አንዱ በጦር ሲመጣ ሁለቱ ፊታቸውን አዞሩ። ሽማግሌው ይህን ካሉ በኋላ እጄን ያዝ አደረጉና ጨመሩበት።

"የሚመኙሽ ሰዎች ሲጣሉ ተኚ። ሲታረቁ ግን ተነሺ።"

እኔ ልቤ አገጫቸው ላይ ነበር፣ እንዳልቆርጣቸው። ቫ ቤኔ፣ እሺ ዶቶሬ ብዬ ሌላኛውን ጉንጫቸውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲከፋ ሳንባቸውን ታመሙ። ሆስፒታል ገቡና ሦስቱም ልጆች ከያሉበት መጡ። አልጋው ዙሪያ ሳይሆን ኮሪደሩ ላይ፣ ሦስት ቦታ፣ ጀርባ ለጀርባ ቆሙ። እግዜር ይማርልን የለ፣ ሰላምታ የለ። አንዱ ሲወጣ ነው ሌላው የሚገባው። ሽማግሌው በሩ ክፍት ነበርና ሁሉንም ያያሉ። ዓይናቸው ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ጀርባ ሲሄድ አየሁ። እኛ ዘንድ አባት ታሞ ልጆች እንዲህ ቢሆኑ የሰፈር ሰው ደጅ ያድር ነበር።

እናቴ በሰፈራችን የታወቀች አስታራቂ ነበረች። አሠራሯን ልጅ ሆኜ አብሬያት እየዞርኩ አይቻለሁ። መጀመሪያ አንደኛው ቤት ትሄድና የቀረበላትን ቀማምሳ ስድቡን ሁሉ እስከ ጥግ ታዳምጣለች። ከዚያ ሌላኛው ቤት ትሄድና "ልጆችሽን እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ" ትላለች። ክፉውን ሆዷ ውስጥ ትቀብረዋለች፣ ደጉን ታቀብላለች፤ ደጉ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ከራሷ ትጨምራለች። ይህን ውሸት ነው ያላት ሰው አልነበረም። ሽምግልና ነው። ሁለቱ ሲገናኙ እያንዳንዱ ሌላው ቀድሞ የተሸነፈ ስለሚመስለው ይቅር ለማለት አይከብደውም።

ሐሙስ ተርሚኒ አጠገብ ከምንገናኝበት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ይህን ላደርግ ነው ብዬ ለጓደኛዬ ነገርኳት። እሷም ባዳንቴ ናት፣ ከኔ ቀድማ የመጣች፣ ሮምን ከነተንኮሏ የምታውቅ። "አንቺን ምን አገባሽ?" አለችኝ። ሰው ሲታረቅ ማን ይጎዳል ብዬ ሳቅኩባት። አፌን ቁርጥ ያርገው።

ሽማግሌው ተሽሏቸው ቤት ገቡ፤ የቤቱ ስልክ ከክፍላቸው በር አጠገብ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ እዚያ ቆሜ ሠራሁ። ትልቁ፣ እህቴ እባብ ናት፣ እናቴን የገደለቻት እሷ ናት አለኝ። ለእህቱ ደውዬ "ወንድምሽ ናፍቃኛለች ብሏል" አልኳት። እሷ ደግሞ ያ ስግብግብ ዓይኑን አያሳየኝ አለች። ለትልቁ፣ እህትህ ጤናህ አሳስቧታል፣ ሚላኖ ብርዱ ይጎዳዋል ብላለች አልኩት። ለትንሹ ሁለቱም ያነሱህ ነበር አልኩት፤ እሱ ወዲያው ለሰሰ፣ ከድሮም ታናሽነቱ ነው የሚያንገበግበው። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሳደርግ ከረምኩና አንድ ቀን ሴትየዋ ራሷ፣ ለፋሲካ ሁላችንም ብንመጣስ አለች። እኔ እንዳላሰብኩበት ሁሉ፣ አሎራ፣ እንግዲያው ደስ ይለኛል አልኳት።

የነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከኛ ቀድሞ ገባ። የበጉን ሥጋ ከድንች ጋር የሠራሁት ጾም ላይ ሆኜ ነው። መቅመስ ስለማልችል ማንኪያውን እየያዝኩ ሽማግሌው ክፍል እመላለስ ነበር፣ ጨው እንዲያዩልኝ። ያን ዕለት ከረባት እሰሪልኝ ብለው በገበታው ራስ ላይ ተቀመጡ። ሦስቱ ልጆች መጀመሪያ እንደ ባዕድ ሳህን ሲቀባበሉ ቆዩ። ኋላ ትልቁ የእናታቸውን ወንበር ባዶዋን አየና ማልቀስ ጀመረ። እህትየዋ ተነስታ አቀፈችው። ትንሹም ተነሳ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ በሽርጤ ዓይኔን እየጠረግኩ እናቴን በስሟ ጠራኋት፤ አየሽ ወይ አልኳት። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ፤ ከአንዱ ልጅ ፊት ወደ ሌላው እያዩ ቀስ ብለው አኘኩ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማክሰኞ በር ተንኳኳና ስከፍት ሦስቱም አብረው ቆመዋል። ሴትየዋ እጇ ባዶ ነበር፣ ማሪቶዞ የለም። ትልቁ ቦርሳ ይዟል። ሳሎን ገብተው የቤቱን ፕላን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና የአባታቸውን በር እንድዘጋው ነገሩኝ። ዘጋሁት። እግዜር ያያል፣ እኔው ነኝ የዘጋሁት። ቡና ይዤላቸው ስገባ እየተሳሳቁ ነበር። ስድስት ዓመት ያልተስማሙበትን በአንድ ሰዓት ጨርሰውታል። ቤቱ ይሸጣል፤ አባታቸው ከሮም ወጣ ብሎ ካስቴሊ ኮረብታ ላይ ወዳለ የአዛውንቶች ማቆያ ይገባሉ። ሳንባቸው ደካማ ነው፣ እዚያ ሐኪም አለ፣ አየሩም ጥሩ ነው።

ትልቁ ወረቀቱን አልጋቸው አጠገብ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። መጀመሪያው መስመር ላይ የአባታችን ክብርና ፈቃድ እንደተጠበቀ ሆኖ ይላል። ይህን ጊዜ ሽማግሌው ቀና አሉና ፈለጉኝ። ዓይናችን ተገናኘ። ምላጩ፣ ሳሙናው፣ ያ ሁሉ ወሬ ባንዴ መጣብኝ፤ የበሩን እጀታ ይዤ ቆምኩ።

መነጽራቸውን አስመጥተው ራሳቸው ደግመው አነበቡት። "በደንብ ተጽፏል" አሉ። "ስለ ነገራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቤቱ ግን የኔ ነው።"

በሕግም የሳቸው ፊርማ ያስፈልግ ነበር። እምቢ ማለት ይችላሉ። ድሮ አንዱ ሲመጣባቸው ሌላውን ይጠሩበት ነበር፤ አሁን ሦስቱም አልጋው ዙሪያ ቆመው በአንድ ቃል፣ በለሰለሰ ቃል፣ ለርስዎ ብለን ነው አባባ ይላሉ። የሚጠሩት ሰው አልቀረም። በሳምንቱ ፈረሙ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የኛ ሰው፤ እኔ ደግሞ ለነቅናቂዎቹ በር የከፈትኩ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሴትየዋን ለብቻዋ አግኝቼ ለመንኳት። ጥዷን ነገርኳት፣ የእናቷን አልጋ ነገርኳት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። አንቺም ደክሞሻል፣ ጥሩ የምስክር ወረቀት እንጽፍልሻለን አለችኝ፤ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ። ዕቃ የሚያነሱ ሰዎች መጥተው ካርቶኑን ሲያወርዱ ሽማግሌው አንዱን ብቻ መርጠው ጭናቸው ላይ ያዙ። እኔ ጓዜን ይዤ ቲቡርቲና አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ገባሁ። "አላልኩሽም" አላለችኝም፣ ትራስ ሰጠችኝ። ሬዚዴንሳዬን ወደሷ አድራሻ ለማዛወር ስንት ሰልፍ እንደቆምኩ እኔ አውቃለሁ። አሁን በሰዓት ነው የምሠራው፣ ሦስት ቤት፣ ሦስት ደረጃ።

ሐሙስ ሐሙስ ግን ወደሳቸው እሄዳለሁ። በሜትሮ እስከ አናኒና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሽቅብ። ቦታው ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹም ክፉ አይደሉም። መስኮታቸው የሚያሳየው ግን የመኪና ማቆሚያ ነው። በገቡ በሦስተኛው ወር ሸሚዛቸው አንገታቸው ላይ ሰፍቶ አገኘኋቸው። ምግብ ትተዋል አለችኝ ነርሷ። ማን ይመጣል ብዬ ብጠይቃት፣ ልጆቹ ተራ አውጥተዋል፣ ተራው የማን እንደሆነ ግን እኛም አናውቅም አለች። ገባኝ። ሲጣሉ ጊዜ አንዱ ሌላው እንዳይቀድመው ሲል ይመጣ ነበር። አሁን ተማምነዋል፤ እያንዳንዱ ሌላው ሄዷል ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ስልኩ እንኳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አይጮህም።

የዚያን ቀን ወንበሬን አስጠግቼ፣ ዶቶሬ፣ ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

"ስልኩ ኮሪደር ላይ ነበር እኮ" አሉኝ። "ወንድምሽ ናፍቃኛለች ብሏል ስትያት ሰምቻለሁ። ልጄ እንደዚህ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኝ ነበር።"

እና ለምን ዝም አሉኝ አልኩ፤ እንባዬ መጣ። ምን እንደሚከተል ያውቁ አልነበር ወይ።

"አውቃለሁ፣ ውል ማንበብ ሥራዬ ነበር" አሉ። "ሦስቱን በአንድ ገበታ ላይ ማየት ፈለግሁ። ስድስት ዓመት ነው።"

በመስኮቱ መኪናዎቹን አየን። ቆይተው እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉና ማስታረቅ እንደምትችይ አየሁ፣ ማጣላትስ ትችያለሽ አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ልስቅ ቃጣኝ። ፊታቸውን ሳይ ተውኩት።

በአውቶቡሱ ቁልቁል ስወርድ ሁሉ ሳስበው መጣሁ። እናቴ ሰው አጣልታ አታውቅም። እኔም እስከ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ድረስ ነገር አላመላለስኩም፤ ነገረኛ ሰው ስጠላ ለጉድ ነው። ግን ያ ሸሚዝ ዓይኔ ላይ ነበር። ጓደኛዬ ቤት እንደገባሁ ካፖርቴን ሳላወልቅ ለሴትየዋ ደወልኩ። ስለ ጤናቸው ነግሬያት ስጨርስ፣ ታላቅ ወንድምሽ በቀደም መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ዘግተው ሲያወሩ ነበር አልኳት። ምን አወሩ አለችኝ፣ ድምጿ ቀጥኖ። እኔ ምን አውቄ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር አልኳት። ቀጥሎ ለትልቁ ደወልኩ። እህትህ አባትህን አንድ ወረቀት ታስነብባቸው ነበር መሰለኝ፣ መነጽራቸውን አድርገው ነበር አልኩት። ለትንሹ መደወል አላስፈለገኝም፣ በማግሥቱ ራሱ ደወለ። ስልኩን ዘግቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ለምን እንደታጠብኩት እንጃ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስደርስ ነርሷ ከበሩ ላይ እየሳቀች ተቀበለችኝ። ማክሰኞ ሴት ልጃቸው መጥታ ሦስት ሰዓት ቆየች፣ ትናንት ደግሞ ልጃቸው ከሚላኖ ድረስ መጣ፤ አዲስ ሹራብ አምጥቶላቸዋል አለችኝ። ትንሹ ማታ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይደውላል። እሳቸው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ የአገጫቸው ጺም ላይ የማሪቶዞ ክሬም ደርቋል። ሙቅ ውሃ አምጥቼ፣ ፎጣ አንገታቸው ላይ አድርጌ፣ መላጨት ጀመርኩ። እጄ እየደከመ መጥቷል፣ ቀስ ብዬ ነበር።

"ተጣሉ?" አሉኝ።

"ተጣሉ" አልኳቸው። "አይነጋገሩም።"

"እንግዲያው ልተኛ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግማሽ ጉንጫቸው ከነሳሙናው ቀርቶ ነበርና እንዳልቀሰቅሳቸው ምላጩን ይዤ ተቀመጥኩ።